እመት ጃርት ያነጠፈችው መደብ

ተረት ልንገራችሁ? «ይነገረን» በሉ እንጂ! አፉን ይዞ ለተቀመጠ ሰው ተረት አልነግርም። ዝምታ ምን እንደሚያመጣ ከዚሁ ተረት ታዩታላችሁ። አላችሁ? እሺ፣ እንግዲህ ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ከገበያ ገበያ እየነገዱ በሚኖሩበት፣ በርና መደብ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ ደጋና ቆላ በሚገናኙበት መንገድ ዳር አንዲት እመት ጃርት ትኖር ነበር። ከጎጆዋ በላይ መንገደኛ የሚያርፍበት ትልቅ ሾላ አለ። ከጎጆዋ በታች ክረምት ሲገባ የሚሞላ ወንዝ አለ። እመት ጃርት በዚያች ጎጆ መንገደኛ ታሳድራለች። ዋጋዋ አንድ እፍኝ እህል ነው። በአገሩ ከዚያ የረከሰ ማደሪያ አልነበረም።

ግን ማደሪያውን የከፈተችው ለእህሉ ብላ አልነበረም። ገና ልጅ ሳለች ዱሩ በእሳት ነደደ፤ እናት አባቷም የገቡበት ጠፋ። ያን ጊዜ አንዲት ጥንቸል «ነይ፣ ግቢ» ብላ ጠባብ ጉድጓዷ ውስጥ አስጠጋቻት። ጎን ለጎን እየተኙ ክረምቱን አብረው አሳለፉት። በኋላ ጥንቸል ባል አግብታ ወደ ቆላ ወረደች። ስትሄድም «ሳረጅ ወዳንቺ እመጣለሁ፣ እንጧጧራለን» ብላ ቃል ገባችላት።

እመት ጃርት ይህን ቃል አልረሳችም። «ከመጣች በዚህ መንገድ ማለፏ አይቀርም» ብላ ከመንገዱ ዳር ጎጆ ቀለሰች። የእንግዳ ኮቴ በሰማች ቁጥር ብድግ ብላ ታያለች። ጥንቸል አይደለችም። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነውና በደስታ ትቀበላለች።

እመት ጃርት አንድ የምትኮራበት ነገር ነበራት። እንግዳ በመጣ ቁጥር መደቡ ላይ አዲስ ጭድ ታነጥፋለች። ካነጠፈች በኋላ ራሷ ወጥታ ትጋደምበታለች። ወዲህ ትገላበጣለች፣ ወዲያ ትገላበጣለች። «እኔን ያልደላኝን ለእንግዳ አልሰጥም!» ትላለች። ልቧ መልካም ነበር፤ ልቧን ማንም አይነቅፍም። ግን ስትገላበጥ እሾኋ ይረግፋል፤ የረገፈው ጭዱ ውስጥ ይገባል። እሷን አይወጋት! ጃርትን የጃርት እሾህ ምን ያደርጋታል?

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አያ አህያ ጨው ተሸክሞ መጣ።

«ቤቶች! የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ» አለ።

«ቤት ለእንግዳ!» አለች እመት ጃርት። ጭነቱን አወረደችለት። እግሩን ለብ ባለ ውሃ አጠበችው። ትኩስ ንፍሮ አቀረበችለት። ከዚያ መደቡ ላይ ወጣች፤ ወዲህ ተገላበጠች፣ ወዲያ ተገላበጠችና «ተኛ፤ ደልቶኛል» አለችው።

ሲነጋ «እንዴት አደርክ አያ አህያ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መደቡስ ደላህ?»

«ምን ጎደለብኝ! እግዜር ይስጥልኝ።»

አያ አህያ እፍኝ እህሉን ሰጥቶ ወጣ። በሩ ሲጥ ብሎ ተዘጋ። ይህን በር ደግሞ ልንገራችሁ። በር ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ውስጥ ያያል፣ አንዱ ወደ ውጭ። በውስጥ ፊቱ ምስጋና ይሰማል፤ በውጭ ፊቱ የቀረውን ይሰማል። አያ አህያ ገና ደፉን እንደተሻገረ «ጨው ተሸክሜ ያልተላጠ ጀርባዬ ተኝቼ ተላጠ! ሁለተኛ እዚህ ቤት ብገኝ አህያ አትበሉኝ!» እያለ ሄደ።

በሩ የሰማውን ለእመት ጃርት ነገራት።

«አንተ ደግሞ» አለችው ሳቅ ብላ፣ «ከጧት እስከ ማታ ሲጥ ሲጥ ማለት ልማድህ ነው። እሱ በገዛ አፉ እግዚአብሔር ይመስገን ብሏል። የሰው ቤት እህል ቀምሶ ማን ይዋሻል?»

ሰነባበተና ወይዘሮ ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ መጣች። እመት ጃርት እግራቸውን አጠበች፤ ንፍሮውን ለጫጩቶቹ እየፈረከሰች አቀረበች። ከዚያ መደቡ ላይ ወጣች፤ ወዲህ ተገላበጠች፣ ወዲያ ተገላበጠች።

ሲነጋ «እንዴት አደራችሁ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች ወይዘሮ ዶሮ።

ትንሹ ጫጩት ግን «እኔን እኮ ሌሊቱን ሙሉ...» ብሎ ሲጀምር እናቱ በክንፏ ጎሰመችው። «አንተ ባለጌ! ሰው ቤት አድረህ! እግዚአብሔር ይመስገን በል!»

ጫጩቱም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እመት ጃርት እንባውን አየችው። «እንቅልፍ አልጠገበም፤ ልጅ አይደል?» አለችና አለፈችው።

በሩ ሲጥ ብሎ ተዘጋ። ከበሩ ውጭ ጫጩቱ «እማዬ፣ እውነቴን እኮ ነው፣ ወግቶኛል» አለ።

«እኔንስ መቼ ማረኝ ልጄ? በአንድ እፍኝ እህል ምን ጠበቅህ? ከእንግዲህ ሾላው ሥር ማደር ነው» አለች ወይዘሮ ዶሮ። ይህንንም ለራሷ ብቻ ይዛ አልቀረች። የዶሮን አፍ ታውቁት የለ! ገበያ ስትደርስ ላገኘችው ሁሉ ነገረች። መንገደኛውም ጎጆዋን እያለፈ ሾላው ሥር ባዶ መሬት ላይ ማደር ጀመረ።

በዚህ ጊዜ መደቡ ራሱ ተናገረ። ዓይነ አፋር ነበርና ድምፁ ቀስ ያለ ነው። «እመቤቴ፣ ሆዴ እሾህ ይዟል» አላት።

«የታለ?» ብላ ወጣችበት። ወዲህ ተገላበጠች፣ ወዲያ ተገላበጠች። «ምንም የለብህም!» አለችና ወረደች። ወይኔ! የነበረው ላይ ሌላ ጨመረችበት።

በሩ ግን አልተዋትም። «እመት ጃርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድ ቀን አድሮ፣ ደግሞ ተመልሶ የመጣ እንግዳ አለሽ?»

እመት ጃርት አሰበች። ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ቅር አላት። «አገሩ ሰፊ ነው፤ የሄደ ሁሉ አይመለስም» አለችና ምድጃዋን ልትጠርግ ሄደች። ያን ጊዜ ብትሰማ ኖሮ! ግን አልሰማችም።

ክረምት ሊገባ ሰማዩ በጠቆረበት ቀን፣ በምርኩዝ የምትሄድ አንዲት አሮጊት እንግዳ ከበሩ ደረሰች። ፀጉሯ ሳስቷል፤ ጆሮዎቿ ወድቀዋል።

«ቤቶች!» አለች።

እመት ጃርት ድምፁን ስትሰማ የያዘችው ቅል ከእጇ ወደቀ። «ጥንቸል! እህቴ!» ብላ ወጣች። ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ።

«ባሌ ሞተ፣ ልጆቼም በየፊናቸው ተበተኑ» አለች ጥንቸል። «ቃሌን ይዤ መጣሁ። ቤትሽ ለሁለት ይበቃ ይሆን?»

«ቤቱ ያንቺ ነው! ድሮም የተሠራው ላንቺ ነው! ከእንግዲህ የትም አትሄጂም!»

እግሯን አጠበቻት፤ አበላቻት። መደቡ ላይ አዲስ ጭድ ጎዘጎዘች። ልትወጣበት ስትል በሩ ጮኸ። «ተይ! ዛሬን እንኳ አትተኚበት!»

«ለእሷ ያልደከምኩ ለማን ልድከም!» አለችና ወጣች። ለሌላው እንግዳ አንዴ ነበር የምትገላበጠው፤ ለጥንቸል ደጋግማ ተገላበጠችላት። መደቡ በሆዱ አለቀሰ።

ሲነጋ ጥንቸል ተነሥታ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እንዴት አደርሽ እህቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ደላሽ?»

ጥንቸል ትኩር ብላ አየቻትና «አንቺን አገኘሁ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» አለች። ቀጥላም ምርኩዟን አነሣች። «ማዶ የወንድሜ ልጅ አለች። ወንዙ ሳይሞላ ተሻግሬ እሷ ዘንድ ልክረም።»

«ትናንት እኮ ልትኖሪ ነው የመጣሽው! ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም እህቴ፤ ምንም» አለችና ሳመቻት። በሩ ሲጥ ብሎ ተዘጋ።

እመት ጃርት ባለችበት ቆመች። ከዚያ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ራሷ ጠየቀችው። «ወጥታ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም» አለ በሩ። «ግንባሯን እኔ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።»

እመት ጃርት ወደ መደቡ ሮጠች። ጭዱን በሁለት እጇ በተነችው። እሾህ አገኘች። እሾሁ ላይ ነጭ ፀጉር አለ፤ ፀጉሩ ላይ ደም አለ። እሾሁን አንሥታ አየችው፤ ከጀርባዋ እሾህ ጋር አስተያየችው። የራሷ ነበር።

እየጮኸች ወደ ወንዙ ወረደች። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ እየደፈረሰ ይሞላል። ጥንቸል ተሻግራለች፤ ማዶ ቆማ ፀጉሯን ታራግፋለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጮኸች እመት ጃርት።

«እንግዳ ሆኜ?»

«ደላሽ ወይ ብዬ ጠይቄሽ የለም ወይ?»

«ጠየቅሽኝ፤ ግን ደልቶኛል እንድልሽ ነበር የጠየቅሽኝ» አለች ጥንቸል። «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። ልጅ ሆነሽ ጉድጓዴ ስታድሪም ትወጊኝ ነበር። ወላጅ አልባ ናት፣ እንዳይከፋት ብዬ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ ቆዳዬ ይችል ነበር። ዛሬ ግን አልቻልኩም። ያኔ ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ እንግዳ ባልወጋሽ፤ እኔም ካንቺ ባልራቅሁ።»

«ተመለሺ! እኔ መሬት ላይ እተኛለሁ! ጭዱን አልነካውም!»

ጥንቸል የመለሰችው ነገር ነበር፤ ግን የወንዙ ድምፅ ዋጠው። እጇን አንሥታ አወዛወዘች። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ዳገቱን ወጣች።

ክረምቱን ሙሉ እመት ጃርት ወንዙ ዳር እየሄደች ትቀመጥ ነበር። ወንዙም ቀስ በቀስ ጎደለ። መጀመሪያ የተሻገረውን መንገደኛ ሮጣ «ጥንቸልን አየሃት?» ብላ ጠየቀችው።

«ነፍሷን ይማር» አላት መንገደኛው። «ክረምቱን አልወጣችውም።»

እመት ጃርት አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ወደ ሾላው ወጣች። ሾላው ሥር አያ አህያ ተጋድሞ ነበር። «አያ አህያ፣ ወግቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለችው። «ዛሬ ግባና ጭዱን በገዛ እጅህ አንጥፈህ እደር። እኔ አልነካውም።»

አያ አህያ እያመነታ ገባ፤ አደረም።

ሲነጋ «እንዴት አደርክ?» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱስ ይመስገን» አለች እመት ጃርት፣ «አንተ እንዴት አደርክ?»

አያ አህያ እሷን አየ፣ በሩን አየ፣ ጆሮውን አከከ። «እንግዲህ ካልሽ... መደቡ መልካም ነው። ጣራሽ ግን በራስጌ በኩል ያፈሳል።»

እመት ጃርት ወዲያው የሣር ነዶ ተሸክማ ጣራው ላይ ወጣች። እየከደነችም ታለቅስ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ። አያ አህያም በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ መጣ፤ ወይዘሮ ዶሮም ጫጩቶቿን ይዛ መጣች። ቤቱ በእንግዳ ሞላ። እመት ጃርት ግን ኮቴ በሰማች ቁጥር አሁንም ብድግ ብላ ታያለች። ጥንቸል አይደለችም።

«እንግዳ እንዴት እንዳደረ አፉን ሳይሆን እግሩን ጠይቅ» የተባለው ለዚህ ነው።

ተረቴን እዚህ ላይ አሳረፍኩት። እንዴት ነበር? ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንዳትሉኝ! እሱስ ይመስገን፤ እናንተ እውነቱን ንገሩኝ።