ሸንጎውን ያዞረች ሸክላ ሠሪ

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ ድምፄ ትንሽ ናት። ሰው በስሙ ሳይሆን በእጁ ሥራ ይጠራ በነበረበት ዘመን፣ ሰንበሌጥ ሜዳ በሚባል አገር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ርስት አልነበራትም። በሬ አልነበራትም። የምትኖረው ከመንደሩ ውጭ፣ ጭቃ ከሚቆፈርበት ወንዝ ዳር ነበር።

በዚያው አገር የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹም ወንድይፍራው ነበር። ልጁ አትጠገብ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ተጠለፈች። በአርባኛው ቀን አምልጣ መጣች። መጣች፤ ግን ቃል አልነበራትም። ከጎተራው ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ሰው ሲቀርባት ትንቀጠቀጣለች። በር ሲዘጋ ትጮኻለች።

የሰንበሌጥ ሜዳ ሰው ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው። የተበደለ ሰው በሾላው ሥር፣ በሸንጎ ፊት ቆሞ በደሉን ይናገራል። ሦስት ሰንበት ይጠራል። በሦስተኛው ካልተናገረ በደል የለም ይባላል። በደል ከሌለ ደግሞ ጠለፋ የለም፤ ጋብቻ ነው። አትጠገብ ካልተናገረች ለጠለፋት ሰው ልትመለስ ነው። እስቲ አስቡት። አፏን የዘጋው ሰው፣ አፏ ስለተዘጋ ሊያገኛት ነው። ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች ጥሩ እንቅልፍ ይተኙ ነበር።

በመጀመሪያው ሰንበት ጎትተው አወጧት። ሕዝቡ ከበባት። ተናገሪ አሏት። ወደቀች። ተሸክመው መለሷት።

በማግስቱ ደብሪቱ ማድጋ ልታደርስ መጣች። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ዓይኗ ይበላል ተብሎ ከአጥር አታልፍም ነበርና በሩ ላይ ቆመች። ልጅቱን አየቻት።

"እሜቴ አትጠገብ፣ ልቀመጥ ወይስ ልመለስ?" አለች።

መልስ የለም። ተመለሰች።

የግቢው አሽከሮች ሳቁባት። "አጥር ሥር ለመቀመጥ ደግሞ ፈቃድ?" አላት አንዱ።

"የሚፈቅደው ሰው ገና አልፈቀደልኝማ" አለች።

በማግስቱ መጣች። "ልቀመጥ ወይስ ልመለስ?" አለች። መልስ የለም። ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን መጣች። "ልቀመጥ ወይስ ልመለስ?" አለች። አትጠገብ መሬቱን በእጇ መታ መታ አደረገች። ደብሪቱ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ ግን ፊቷን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዋን ወደ ልጅቱ አድርጋ ነው። ጭቃዋን አውጥታ ማሸት ጀመረች። ምን ሆንሽ አላለችም። ማን ነው አላለችም።

በሁለተኛው ሰንበት የአትጠገብ ስም ተጠራ፤ አልወጣችም። "ጋኔን ምላሷን ይዟታል" ተባለ። አራት ወንዶች እጅና እግሯን ያዙ። በርበሬ ሊያጥኗት እሳት አቀረቡ። ደብሪቱ ጩኸቷን ሰምታ መጣች።

"በእጅ ተይዛ የተጎዳችን ልጅ በእጅ ይዛችሁ ታድናላችሁ? ልቀቋት" አለች።

"ደግሞ ቡዳ መካሪ ሆነችልን" አለ አንዱ።

ተሸክማቸው የመጣቻቸውን ማድጋዎች በድንጋይ ሰባበሩ። ግንባሯን ፈነከቱ። እሷን ለመምታት ሲሉ ግን ልጅቱን ለቀቁ።

እዚህ ላይ ልቁም። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ይህን ታሪክ ለስንት ተማሪ ነግሬዋለሁ። እዚህ ስደርስ "ገፈተሯት" ብዬ አልፍ ነበር። ደብሪቱንም "አንዲት ደግ የባላባት ልጅ" እላት ነበር፤ አገሩም ዛሬ እንደዚያ ነው የሚላት። ውሸት ነው። ሸክላ ሠሪ ነበረች። የማውቀው የአያቴ እናት ስለሆነች ነው። ባሌ ይህን ሳልነግረው ሞተ። አፍሬ ነው። ማፈር የነበረባቸው እነሱ ናቸው፤ እኔ በእነሱ ፈንታ ስድሳ ዓመት አፈርኩላቸው። በእነሱም በራሴም ተናድጃለሁ። በሉ እንቀጥል።

በማግስቱ ደብሪቱ ግንባሯን በጨርቅ አስራ መጣች። "ልቀመጥ ወይስ ልመለስ?" አለች።

"ተቀመጪ" አለች አትጠገብ። ከመጣች የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ደብሪቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። "የፊታችን ሰንበት የመጨረሻው ነው እሜቴ። መናገር ይወዳሉ? ካልወደዱ እኔ ወንዙን አሻግርዎታለሁ።"

"እንዳንቺ ፊታቸውን ካዞሩልኝ እናገራለሁ" አለች ልጅቱ። "ዓይናቸውን ነው የማልችለው።"

ሦስተኛው ሰንበት ደረሰ። የጠለፋት ሰው አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ሙሽራ ሊወስድ እንደመጣ ሰው ተደላድሎ ተቀመጠ። ደብሪቱ ከሾላው ጥላ ውጭ ቆመች።

"ልጅቱ ትናገራለች። እናንተ ፊታችሁን አዙሩላት" አለች።

"ሸክላ ሠሪ ዙሩ ስትለን እንዙር?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ነገ ደግሞ ጭቃ እርገጡልኝ ትለናለች" አለ ሌላው። ሳቁ።

ጭቃ ሹም ወንድይፍራው አልሳቀም። ልጁን አያት። ከጎተራው ኋላ እንደነበረችው ኩምትር ብላ ቆማለች። ተነሳ። በሁሉ ፊት ጀርባውን ሰጥቷት ቁጭ አለ። አባት ሲዞር ወንድሞቹ ዞሩ። ወንድሞቹ ሲዞሩ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። የጠለፋት ሰው ብቻ እያያት ቀረ። ሁለት ጎልማሶች ትከሻውን ይዘው አዞሩት።

አትጠገብ ተናገረች። የቻለችውን ያህል ተናገረች። ሲበቃት አቆመች።

"ከዚያስ?" አሉ ሽማግሌው።

"አበቃች" አለች ደብሪቱ። "የቀረው የራሷ ነው።"

በደል አለ ተባለ። ሰውየው አገር ለቆ እንዲሄድ ተፈረደበት። አትጠገብ ከአባቷ ጋር ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በሰንበሌጥ ሜዳ የተበደለ ሰው ሲናገር ሸንጎው ፊቱን ያዞራል። የተጎዳ ሰው ሊጠይቅ የሚሄድም ደጃፍ ላይ ቆሞ "ልቀመጥ ወይስ ልመለስ?" ይላል። መልስ ካጣ ይመለሳል፤ አይቀየምም። የሚያስገድድ ሰው ከተገኘ ደግሞ "ደብሪቱ ትይህ" ይባላል። ይህን የሚሉት ያኔ ዓይኗን ይፈሩት የነበሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው።

አምና በአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሹም አንዲትን ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ የደረሰባትን አስነገራት። ከመጀመሪያው ድገሚው አላት። ደገመችው። አልሰማሁም፣ ድገሚው አላት። እኔ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ተነሳሁ።

"ደብሪቱ ትይህ" አልኩት።

"ደብሪቱ ደግሞ ማን ናት፣ እማማ?" አለኝ።

"ሸክላ ሠሪ ናት" አልኩት። "የአያቴ እናት ናት።"