ቦዩ ውስጥ የተቀመጠው ሰው

የሌላ ሰው ሳንባ የተተከለለት አንድ ሰው ነበረ። ትንፋሹ ተመልሶለት፣ ከሚስቱ ጋር ገበያ እስከ መሄድ ደርሶ ነበር። ዳሩ ግን ቃር አለበት። በልቶ ጋደም ሲል የሆዱ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ጉሮሮው ድረስ ወጥቶ ወደ አዲሱ ሳንባ ይንጠባጠባል። ሐኪሞቹ «የጨጓራህን የላይ አፍ በቀዶ ጥገና እናጥብቀው፤ አለዚያ ሳንባው እየተጎዳ ይሄዳል» አሉት። እሱ እሺ አላለም። ሚስቱ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችው። ማታ ማታ ትራስ በትራስ ላይ እየደረበች ቀና አድርጋ ታስተኛዋለች፤ እሱ ይንሸራተታል፤ እሷ መልሳ ትጎትተዋለች። ወገቧ አለቀ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸውን ጠራች። በሽተኛው ቄሱ እስኪቀመጡ እንኳ አልጠበቀም።

«አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ። የታመመው ሳንባዬ ነበር፤ ተቀየረልኝ። ሆዴ ምን አጠፋ? ቃር የያዘው ሁሉ ይቀደዳል እንዴ? ሽሮፔን እጠጣለሁ፤ ያስታግስልኛል።»

«ይኸው ነው ጠዋት ማታ!» አለች ሚስቱ። «ግድግዳ ባናግር ይሻለኝ ነበር።»

ቄሱ ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ቆዳ እያለፋ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። ጓሮው ውስጥ ቆዳ የሚዘፈዝፍበት ጉድጓድ አለው፤ ውኃው ያቃጥላል። ከጉድጓዱ እስከ አትክልቱ አንድ ቦይ ይሄዳል፤ መካከሉ ላይ የሳንቃ መዝጊያ ነበረ። መዝጊያው ከጊዜ ብዛት ላላ። አትክልቱ ውስጥ የነበረችው አንዲት የብርቱካን ዛፍ ታማ ደረቀች።

«ልጁ የሞተበት አንድ ጎረቤት አዘነለት። ልጁ የተከላትን ብርቱካን ከነሥሯ ነቅሎ አምጥቶ ተከለለት። ‹ሌላ የለኝም፤ አደራ› አለው። ችግኟ ለመለመች። ቆይቶ ግን ቅጠሏ ዳር ዳሩን ይቃጠል ጀመር፤ ጉድጓዱ በሞላ ቁጥር ውኃው በላላው መዝጊያ እያለፈ ሥሯን ይነካ ነበርና። ጎረቤቱ ይህን አይቶ ‹መዝጊያውን አሠራ እንጂ› ቢለው ባለ ቆዳው ሳቀ። ‹የታመመችው ዛፏ፣ የሚጠገነው ጉድጓዱ! ጉድጓዴ ጤነኛ ነው፤ ቆዳዬን እንዴት አድርጎ እንደሚያለፋልኝ ባየህ።› ከዚያ አመድ አምጥቶ ውኃው ላይ ነሰነሰ። ማቃጠሉ በረደ፤ ማለፉን ግን አልተወም። አመድ መዝጊያ አይሆንማ።

«አንድ ቀን ባለ ቆዳው ወደ ጓሮ ሲወጣ ጎረቤቱ ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጀርባውን ለጉድጓዱ ሰጥቷል፤ ቆሻሻው ውኃ እስከ ወገቡ ደርሷል።

«‹ምን ትሠራለህ?› አለው ባለ ቆዳው።

«‹መዝጊያ ሆኛለሁ።›

«‹ሰው መዝጊያ ይሆናል እንዴ?›

«‹አንተ ሳንቃውን እስክታሠራ ማን ይሁን?›

«‹እስከ መቼ እዚህ ልትቀመጥ ነው?›

«‹እሱንማ እኔ ነኝ የምጠይቅህ።›»

ቄሱ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙ። በሽተኛው ጠብቆ ጠብቆ ታከተው።

«ታዲያ አሠራው? ምን ያለ ደረቅ ነው፣ አባ! ሰው ቦይ ውስጥ አስቀምጦ ይከራከራል?»

ሚስቱ ከጀርባው ትራሱን ታቃና ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ።

ቄሱ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሐኪሞቹ ያደረጉልህን ነገር ምን ይሉታል?»

«ንቅለ ተከላ።»

«ነቅለው ተከሉልህ። እንግዲህ ዛፏ ሳንባህ ናት፤ ሬሳ ታቅፎ ሲያለቅስ የነበረ ቤተሰብ ነው የሰጠህ። ጉድጓዱ ሆድህ ነው፤ አጠፋ ያለው የለም። ሽሮፕህ ያ አመድ ነው። መዝጊያው ደግሞ እናጥብቀው የሚሉህ የጨጓራህ አፍ ነው። አሠራው ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ትራስ ይዛ ቦዩ ውስጥ የተቀመጠችው ይችውና ከኋላህ አለች። ዞር በልና ለእሷ ንገራት።»