ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀ አውራ ጣት

መጨረሻ ላይ የማመጣትን አባባል ትልቁም ትንሹም እንደ ዋዛ ሲወረውራት እሰማለሁ። የአንድ ሸማኔን የእግር አውራ ጣት ያስከፈለች መሆኗን ቢያውቁ ግን ጥቂት ዝግ ብለው ይናገሯት ነበር።

ሸማኔው ወሰንየለህ ይባላል። ለወይዘሮ ዙርያሽ ልጅ የሙሽራ ቀሚስ እየሸመነ ሳለ፣ ሰኞ ጠዋት ደጃፉ ላይ እንቅፋት መታውና የአውራ ጣቱ ጥፍር ተገነጠለ። ያን ያህል የሚያስጮህ ጉዳት አልነበረም። በዚያ መንደር ግን የደማ ሸማኔ የሙሽራ ልብስ አይሠራም፤ ገደ ቢስ ነው ይባላል። ወይዘሮ ዙርያሽ ከሰሙ ፈትላቸውን ጠቅልለው ወንዝ ማዶ ላለው ሸማኔ ሊወስዱት ነው። ስለዚህ ቁስሉን እንኳ ሳያጥብ፣ በእጁ በያዘው የድር ክር ጣቱን ጠመጠመው። ሸማኔ አይደል፣ አላልቶ ማሰር መቼ ያውቃል! ድር እንደሚወጥር ወጥሮ ቋጠረው። ከዚያ እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መርገጫውን ይረግጥ ጀመር። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን ማን ያያል? ማታም እግሩን በጋቢ ጠቅልሎ ይተኛል።

ሐሙስ ዕለት ሚስቱ ማንጠግቦሽ አፍንጫዋን ያዘች።

"አንተ፣ እዚህ ቤት አይጥ ሞታለች መሰለኝ።"

"ከጉድጓዱ ሥር ይሆናል፤ ቀሚሱን ስጨርስ አወጣታለሁ" አላት።

ቅዳሜ ወይዘሮ ዙርያሽ ሥራውን ሊያዩ ከአጎታቸው ከወጌሻው ከአባ ቢተው ጋር መጡ። ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል ነውር ነውና ወሰንየለህ ከጉድጓዱ ብድግ አለ። ብድግ ከማለቱ ተደፋ፤ እግሩም ብርሃን ላይ ወጣ።

"ኡ! ኡ! ወይኔ ጉዴ!" ማንጠግቦሽ ራሷን ይዛ ጮኸች።

ጣቱ ከል መስሏል። ክሩ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ አይታይም።

"ይህን ይዘህ እንዴት ዝም አልክ?" አሉ አባ ቢተው፣ ክሩን በምላጭ እየበጠሱ።

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኮ አያመኝም፤ የዳነ መስሎኝ ነበር!"

ወጌሻው ጣቱን በመርፌ ወጋ አደረጉት። ወሰንየለህ መወጋቱንም አላወቀ፤ ጣቱ ሞቷል።

ወይዘሮ ዙርያሽ አለቀሱ። "ሠርጉ እንደሆነ ገና ነው! እስክትድን እጠብቅህ አልነበረም ወይ?"

"አባ፣ ይተርፍልኛል?" አለ ወሰንየለህ።

አባ ቢተው እግሩን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡለት። "ሰኞ ዕለት ብታሳየኝ ሙቅ ውኃና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃህ ነበር። አሁንማ ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"