የአቶ ሽባባው የእግር ጉዞ

አንድ እሑድ ጠዋት ባሕር ዳር ላይ የሆነ ነው። ሰዎች በእግርና በብስክሌት እንዲሄዱ የሚቀሰቅስ አንድ ማኅበር ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽባባው ስለ እግር ጉዞ ጥቅም መናገር ሲጀምሩ አዳማጩ ሁሉ ተነሥቶ መሄድ ያሰኘዋል፤ አንዳንዱም ንግግሩ ሳያልቅ ይሄዳል። እሳቸው ግን ከቢሮ ምሳ ቤት እንኳ የሚሄዱት በመኪና ነው። ቢሮውና ምሳ ቤቱ ደግሞ ፊት ለፊት ናቸው።

በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ ከተላኩላቸው ተማሪዎች አንዷ ስመኝ ትባላለች፤ የምትማረው የከተማ ፕላን ነው። ነገር በሆዷ የማይቆይ ልጅ ናት። የልምምዱን ውጤት የሚሰጡት አቶ ሽባባው ስለሆኑ ጓደኞቿ ውጤታችን እስኪመጣ አፍሽን ያዢልን እያሉ ይለምኗት ነበር።

ያን እሑድ ማኅበሩ የእግር ጉዞ ጠራ። ተማሪዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ሲቀሰቅሱ ሰንብተዋል። ሰዓቱ ሲደርስ አቶ ሽባባው መኪናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ከፊት ቀደሙ። ሹፌሩ ቀስ እያለ ይነዳል፤ እሳቸው ወገኖቼ መኪና ይቅርብን፣ በእግራችን እንሂድ ይላሉ። መንገድ ዳር ያለው ሰው ቆሞ ይስቃል እንጂ የሚከተል የለም። ከኋላ ያሉት ተማሪዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም የመኪናውን ጭስ እየማጉ።

አቶ ሽባባው ተናደዱ። መኪናውን አስቁመው፣ ቅስቀሳውን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ፣ ውጤት ስሰጥ እንተያያለን ብለው በመስኮቱ ተማሪዎቹን ተቆጧቸው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ስመኝን ወደ መስኮቱ ጠሯትና ድምፅ ማጉያውን ሳያጠፉ ጠየቋት።

«አንቺ ስለ ከተማና ስለ መንገድ ነው የምትማሪው። እስቲ ንገሪኝ፣ ሕዝቡ እንዲከተለን ምን ይደረግ?»

ጓደኞቿ በዓይናቸው ለመኗት። ስመኝም ፈርታ ነበር፤ ግን የጓደኞቿ መወቀስ አንገብግቧታል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢወርዱ ጥሩ ነው» አለች።

ድምፅ ማጉያው ቃሏን ለመንገዱ ሁሉ አደረሰው። ሳቁ ቀጥ አለ። የአቶ ሽባባው ፊት ተለዋወጠ።

«ከምኑ ነው የምወርደው? ከሥልጣኔ ነው?»

«ለጊዜው ከመኪናው ይበቃል።»

መንገድ ዳር የቆመው ሰው በሳቅ አውካካ። አቶ ሽባባው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን የራሳቸው ሳቅ ነበር። ድምፅ ማጉያውን በመስኮቱ ለስመኝ አቀብለው፣ በሩን ከፍተው ወረዱ። ሲስቅ የነበረውም ሰው ተከተላቸው።