የጥሩንባ ነፊው ስም

ለሆስፒታል የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራ አንዲት ተማሪ መምህሯን ጠየቀችው፦ «ነርስ ብዬ የመዘገብኳት ሴት ራሷ ስትታመም ፕሮግራሜ በታማሚነት አልቀበልም ይላል። ‹ታማሚ ነርስ› የሚል ሌላ ክላስ፣ ማለትም ሌላ የሰው ዓይነት፣ ልጨምር?»

መምህሩም እንዲህ አላት፦

«አንድ ሰው ነበረ፤ የእድር ጥሩንባ ነፊ። እሱም እንደማንም እድርተኛ ነው፤ ባልም ነው፤ ግን ይህን ማን አስታውሶለት! መንደሩ ‹ጥሩንባው› ብሎ ጠራው፣ በዚያው ቀረ። ከእድሩ ዳኛ ጀምሮ ስሙ ከሁሉም ጠፋ። ሰላም ሲሉት እንኳ ‹ዛሬ ደግሞ የማንን ልታረዳን ነው?› ይሉታል። ቤትህ እንዴት ነው ያለው የለም።

አንድ ማለዳ ሚስቱ ሞተችበት። ሐዘንተኛ ከቤቱ አይወጣም፤ ሰው ነው ወደ እሱ የሚመጣው። ነገር ግን እሱ ካልነፋ የሚነፋ የለም፤ ካልተነፋ ደግሞ የሚመጣ የለም። ምስኪን! አጠገቧ ብዙ ተቀመጠ። በመጨረሻ ፊቷን ሸፍኖ፣ ጥሩንባውን አንሥቶ ወጣ።

በየሰፈሩ ነፋ። አንደበቱ የሚያውቀው የለመደውን ነውና ‹የአቶ ወንዳፍራሽ ባለቤት አርፈዋል! እድርተኛ ውጣ!› እያለ አለፈ። ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ‹ወንዳፍራሽ ማነው?› ተባባሉ። የሚያውቅ ጠፋ። ሲያለቅስ ያዩትም ‹ጥሩንባችን ሆደ ቡቡ ነው› አሉ። የሌላ መንደር ሰው ቢሆን ነው ብለው ወደየሥራቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ከሚስቱ ወንድሞች ጋር ቃሬዛውን ተሸክሞ ሲሄድ የእድሩ ዳኛ መንገድ ላይ አገኘው። ‹አንተ ጥሩንባው! ጠዋት በከንቱ ሰው ሥራ አስፈታህ። ለመሆኑ ወንዳፍራሽ ማነው?›

‹እኔ ነኝ› አለ ሰውየው፤ ቃሬዛውን ሳያወርድ አለፈ።»

መምህሩ ወደ ተማሪዋ ዞረ። «አንቺም፣ ልጄ፣ ነርስ ፈጠርሽ እንጂ ሰው አልፈጠርሽም። ዛሬ ‹ታማሚ ነርስ› ብትጨምሪ፣ ነገ ልጇ የታመመባት ነርስ ትመጣብሻለች፤ ማለቂያ የለውም። መጀመሪያ ሰው ፍጠሪ፣ ስም ያላት። ነርስነቷንም፣ ታማሚነቷንም፣ እናትነቷንም በላይዋ ደርቢላት፤ አንዱን ስታወልቅ ሌላው አይውለቅባት። አለዚያ ያቺ ሴት ዕድሜዋን በሠራችበት ሆስፒታል በር ላይ ታማ ትቆማለች፤ ያንቺ ፕሮግራምም ‹ማነሽ?› ይላታል።»