ስምንት ጊዜ ሃያ ዘጠኝ

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ ለገብስ ጎተራው ጠባቂ ፈለገ። አንበሳ ገብስ አይበላም፤ ግን ጎተራ የሌለው ንጉሥ አያምርም ብለውታል። በዚያው ሰሞን ከማዶ አገር አንድ ጅብ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ይሄኛው ሹመትም ጨምሮ ጠየቀ።

«ሒሳብ የተማርኩ ነኝ» አለ አያ ጅቦ።

አልዋሸም። በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር። ማባዛት ሲጀመር ሰምቷል፤ ሲያልቅ ግን እንቅልፍ ላይ ነበር። አንበሳም የጎተራው ጠባቂ አድርጎ ሾመው። አህያ የተማረ ሹም መምጣቱን ሲሰማ ደስ አለውና «የተማረ ይግደለኝ» አለ። ምስኪን፣ የሚለውን አላሰበበትም።

የጎተራው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ገብስ ያጎደለ የጠባቂው እራት ይሆናል። ሕጉን ማን እንዳረቀቀው መጠየቅ አያስፈልግም።

በመከር ጊዜ አህያ ከአውድማ ወደ ጎተራ ስምንት ጊዜ ተመላለሰ። በየጉዞው ሃያ ዘጠኝ ጣሳ ገብስ ጫኑበት። ሲጨርስ አያ ጅቦ መሬቱን በጥፍሩ እየጫረ ማባዛት ጀመረ። «ስምንት ጊዜ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት። ስምንት ጊዜ ሁለት፣ ዐሥራ ስድስት።» ዐሥራ ስድስቱን ጻፈ፤ ሰባ ሁለቱን ከጎኑ ደረደረ። ሰባቱን ወደ ዐሥር ቤት ወስዶ መደመር የሚባለውን ያስተማሩት እሱ ሲያንኮራፋ ነው። 1672 ሆነለት። ከዚያ ጎተራውን ሰፈረ፤ ያገኘው 232 ጣሳ ብቻ ነው። ምራቁን ዋጠ። መልሱን ሆዱ ወዶታል፤ ሆድ የወደደውን ማን መልሶ ይፈትሻል?

አህያን እየገፋ ንጉሡ ፊት አቀረበው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ሌባ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ጣሳ ገብስ በልቷል።»

አህያ ወደ አንበሳ ዞረ። «ጌታዬ፣ እኔ መሸከም እንጂ መቁጠር አላውቅም። ግን ይህን ሁሉ በልቼ እንዴት ይርበኛል?»

አንበሳም ማባዛት አይችልም፤ ንጉሥ አይችልም አይባልምና ራሱን ነቀነቀ። «የተማረ ከተናገረ አለቀ» አለ።

ይህን ጊዜ ፍርዱን ሊሰሙ ከመጡት መካከል እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። አህያን ወዳ አይደለም። እሱ ከተበላ የነገው ሸክም በማን ጀርባ እንደሚወድቅ ገምታለች።

«አያ ጅቦ፣ እኔ መሃይም ነኝ፤ ያስተምሩኝ። ሃያ ዘጠኝ ለሠላሳ ስንት ይቀረዋል?»

«አንድ።»

«ስምንት ጊዜ ሠላሳስ?»

ጅብ ጥቂት አሰበ። «ሁለት መቶ አርባ።»

«እንግዲህ ሠላሳ ሠላሳ ቢጫን እንኳ ከሁለት መቶ አርባ አያልፍም። የእርስዎ ሺህ ከየት መጣ?»

«አንቺ የምትይው ግምት ነው» አለ ጅብ ተኮሳትሮ። «የእኔ ስሌት ነው።»

«እውነትዎን ነው። ታዲያ ስሌቱን ወደ መጣበት እንመልሰዋ። በማባዛት የመጣ በማካፈል ይመለሳል።» 1672ን ለስምንት አካፈለች። «ለአንድ ጉዞ ሁለት መቶ ዘጠኝ ጣሳ። ይህን አንድ ጀርባ ይሸከመዋል?»

ጅብ እራቱ ሲርቅ ታየው። «እንዴታ፣ ይሸከመዋል። እኔም እሸከመዋለሁ።»

አንበሳ ማባዛት ባይችልም ማስጫን ይችላል። «ጫኑበት» አለ።

በስድሳኛው ጣሳ የጅብ ወገብ ጎበጠ። በመቶ ሃያኛው በሆዱ ተዘረጋ።

«ገና ሰማንያ ዘጠኝ ይቀራል» አለች ቀበሮ በትሕትና።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ነው» አለ ጅብ ከገብሱ ሥር። «ስምንት ጊዜ ሃያ ዘጠኝ፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት።» ትምህርቱን እዚያ ጨረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገብሱን የሚያመላልሰው አያ ጅቦ ሆነ። አህያም ባዶ ጀርባውን ይዞ ወደ ሣሩ ሄደ፤ የተማረ ይግደለኝ ማለቱንም ተወ።

ከዚህ የምንማረው መልስ ያገኘ ሰው፣ በተለይ መልሱ ሆዱን ደስ ካሰኘው፣ በሌላው ላይ ከመፍረዱ በፊት በግምት መዝኖ፣ ወደ መጣበትም መልሶ ማየት እንዳለበት ነው።