ፊት የሌለው አለቃ

እስቲ ምእመናን፣ ዛሬ ስለ አንድ ወጣት ልንገራችሁ። በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ማስተርሱን ይዞ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ የተነሣ ልጅ ነው። ያ አገር ለተመረቀ የውጭ ተማሪ «ሥራ ፈልግ» ብሎ ጊዜያዊ ቪዛ ይሰጣል። ቪዛው ሳያልቅ ቀጣሪ ካገኘ ይኖራል፤ ካላገኘ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ልጁ እሱባለው ይባላል፣ የደሴ ልጅ ነው።

ያመለክታል፣ መልስ የለም። ደግሞ ያመለክታል፣ «ሌላ ሰው መርጠናል» ይሉታል። እናቱ ወይዘሮ አስካለ በየእሑዱ ይደውላሉ። ምን ብለው ይጀምራሉ? ጤናህ እንዴት ነው ብለው? የለም! «ሥራስ?» ብለው ነው። አንድ እሑድ ቃሉ ከአፉ አመለጠውና «አገኘሁ እማዬ» አለ።

እናት እልል አሉ። ለገብርኤል የተሳሉትን ዘርፋማ ጥላ ገዝተው፣ ጎረቤት ሰብስበው አስገቡ። እንግዲህ ስለት ከገባ በኋላ «ዋሽቼ ነው» ይባላል? እናንተ ትችላላችሁ? እኔ እንጃ።

በማግስቱ እሱባለው ሥራ እንደሚሄድ ሰው ሱፉን ለብሶ ባቡር ተሳፈረ። አንድ ትልቅ የመስታወት ሕንፃ ገባና ከታች፣ እንግዶች የሚጠብቁበት ሶፋ ላይ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ውሎ፣ ማታ ከሠራተኛው ጋር ወጣ። ሱፍ የለበሰን ሰው ማን ይጠይቃል? በሚቀጥለውም ቀን ሄደ። ውሎ አድሮ ጥበቃው እንደ ሠራተኛ ሰላም ይለው ጀመር።

ሥራ ካለ አለቃ አለ። እናቱ ሲጠይቁት «ፒተር ይባላል፣ ቁጡ ነው ግን ልቡ ደግ ነው» አላቸው። አንድ ቀን በቪዲዮ አይተውት ከሳህ ቢሉት፣ አለቃዬ ታሞ ሥራው በእኔ ላይ ወድቆ ነው አለ። ወይዘሮ አስካለ ይህን ሰምተው ዝም ይላሉ? የልጃቸው እንጀራ በዚህ ሰው እጅ አይደለም? ሊያስጸልዩለት የአለቃውን ስመ ክርስትና ጠየቁት፣ ልጁም አላውቅም አለ። ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ካህኑም «ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው በጸሎት አሰቡት።

ምእመናን፣ እግዚአብሔር ያንን ሰው ያውቀዋል ወይ?

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስሙ። እሱባለው ሶፋው ላይ ሲቀመጥ ከጎኑ ያለውን ቦታ መተው ጀመረ። ቦርሳውን እንኳ አያስቀምጥበትም፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። አንዲት ሴት ልትቀመጥ ስትል «ሰው አለው» አላት። ሴትዮዋ ባዶውን ቦታ አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ፈጠን ብላ ሄደች። ማመልከቻውንም ትቶታል። ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ይውላል፤ ማታ እንደ ሠራ ሰው ወገቡን እያመመው ይገባል። ቪዛው ግን እየተጋመሰ፣ እየሳሳ ነው።

አንድ እሑድ እናቱ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ደወሉ።

«አለቃህን በሕልሜ አየሁት» አሉ። «ከኋላህ ቆሞ እጁን ትከሻህ ላይ ጭኗል። ልየው ብዬ ዞርኩ፣ ብዞር ብዞር ፊት የለውም፣ ልጄ።»

እሱባለው ሊስቅ ሞከረ፣ አልመጣለትም። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሳያስበው ትከሻውን አራገፈ።

በዚያው ሳምንት ሶፋው ላይ እንዳለ ስልኩ ጠራ። ድሮ ያመለከተበት አንድ ድርጅት ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ና ይሉታል። እሱባለው ምን አለ?

«ሐሙስ ጠዋት አይመቸኝም። ሥራ ላይ ነኝ» አለ።

ሰማችሁ? ሥራ ላይ ነኝ አለ! ሊያስመስል ብሎ አይደለም፤ ከልቡ ነው። ሰዎቹም አመስግነው ዘጉ።

የባነነው ስልኩን ከጆሮው ሲያወርድ ነው። መልሶ ደወለ፣ የሚያነሣ የለም። ደግሞ ሲደውል የቃለ መጠይቁ ተራ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉት። ያን ጊዜ ከጎኑ ወዳለው ባዶ ቦታ ማየት ፈራ። ወደ ውጭ ሮጦ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ለእናቱ ደወለና ሁሉንም ተናገረ። ሥራ የለም፣ አለቃ የለም፣ ፒተር የሚባል ሰው የለም።

 ስለ ስለቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ውርደቱ እናቱ ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለማን ስጸልይ ነው የኖርኩት?»

ቀጥለውም «በል አሁን የራስህን ችግር ንገረኝ» አሉት። ልጁም እያለቀሰ ነገራቸው።

በመጨረሻ ሥራ አገኘ ወይ ትሉኛላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አልነግራችሁም። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን ውሸት ያስተማረችው ይህቺው ጥያቄያችሁ ናት። መጀመሪያ «በላህ ወይ? ብርዱ እንዴት ነው?» ብትሉት ምን ነበረበት?

እናንተስ ልጆች? እናታችሁ በየሌሊቱ እየሰገደች የምትጸልየው ለእናንተ ነው፣ ወይስ በስልክ ለሠራችሁት ሰው? እሱ አይራብም፣ አይበርደውም፣ ቪዛም አያልቅበትም። የራባችሁ እናንተ፣ የሚጸለይለት እሱ!

በእግዚአብሔርስ ፊት ስንቆም ማንን ነው የምንልከው? ደኅናውን፣ ጨዋውን፣ የተሳካለትን ሰው ፈጥረን አይደለም? እሱ ያልፈጠረውን ሰው እንዴት ይማረው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉ። «እማዬ፣ አልሆነልኝም» በሉ። ጸሎቷ የሚያርፍበት ሰው አጥቶ እየዞረ ነው።